ሳጥን ውስጥ የቀረችው ወረቀት

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በስልኬ አሮጌ ሥዕሎች እያሰስኩ ማምሸት ልማድ ሆኖብኛል። በቅርቡ ሁለት ትንንሽ ክብ ሥዕሎች ላይ ተተክዬ ቀረሁ። እያንዳንዳቸው ከትልቅ ሳንቲም ብዙም አይበልጡም። በመዳብ ላይ የተሣሉ ናቸው፤ ዛሬ ያሉት ኤደንብራ በሚገኘው የስኮትላንድ ብሔራዊ የመልክ ሥዕሎች ሙዚየም ነው። የተሣሉት በ1566 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ እየቀየርኩ ከጻፍኩማ እኔም እናንተም እንጠፋለን።) አንዱ ላይ ሪዛም ወንድ አለ። ሌላው ላይ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት። አፍንጫዋ ረዘም ያለ ነው። ፈገግታ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ የለም።

ሙሽሮች ናቸው። ትዳራቸው የቆየው 14 ወር ገደማ ነው።

ሰውየው ጄምስ ሄፕበርን፣ የቦዝዌል ኧርል ይባላል። የስኮትላንዷን ንግሥት ሜሪን ያገባውና ከነዙፋኗ ገደል የከተታት እሱ ነው። ሴትዮዋ ጂን ጎርደን ናት። የንግሥቲቱን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች እሷ ጋ ሲደርሱ "ቦዝዌል ሚስቱን ፈታና..." ብለው ያልፋሉ። እኔን የያዘችኝ ያቺ "ፈታና" የምትለው ቃል ናት። እንዴት ነው የፈታት? እሷስ ምን አለች?

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቷ ሬሳ ነው።

አባቷ ጆርጅ ጎርደን የሃንትሊ 4ኛው ኧርል ነበር። ኧርል ማለት የአገር ባላባት ነው እንበል። ይሄኛው ግን ሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድን እንደ ጓሮው የያዘ፣ "የሰሜኑ አውራ ዶሮ" የሚባል ካቶሊክ ባላባት ነበር። በ1562 ከንግሥቲቱ ጋር ተጣላ። ጦር ገጠመ። ኦክቶበር 28 ቀን አበርዲን አጠገብ፣ ኮሪቺ በሚባል ቦታ ተሸነፈና ተማረከ፤ እንደተማረከ ግን ፈረስ ላይ እንዳለ ክልትው አለ። ቁስል የለ፣ ምን የለ። ሚስቱ ኤልዛቤት ኪዝ ቀደም ብላ ጠንቋዮች ጠይቃ ነበር ይባላል። "ዛሬ ማታ አበርዲን እስር ቤት ውስጥ ተኝቶ ያድራል፣ ገላው ላይ ጭረት አይገኝም" አሏት። እሷም ተማርኮ ይተርፍልኛል ብላ ተጽናናች። እውነትም እዚያው አደረ። ጭረትም አልነበረበትም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የጂን ወንድም ሰር ጆን አበርዲን ውስጥ አንገቱ ተቆረጠ፣ ንግሥቲቱ ራሷ እያየች። የገዳዩ እጅ አልሰመረለትም፤ በአንድ ምት አልሆነም። ሜሪ አለቀሰች ይላሉ። ሌላው ወንድሟ አዳም ልጅ ነው ተብሎ ተማረ። ታላቁ ጆርጅ ደግሞ ሞት ተፈርዶበት ደንባር ቤተ መንግሥት ውስጥ ታሰረ። የአባትየው ሬሳ ግን አልተቀበረም። ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ እንዳይበሰብስ ተደርጎ ወደ ኤደንብራ ተወሰደ። በሜይ 1563 ከነሬሳ ሳጥኑ ፓርላማ ፊት ቀረበና በአገር ክህደት ተፈረደበት። ሬሳ ተከሶ ቀረበ እያልኩ ነው! ሕጉ ከሃዲ የተባለ ሰው ሞቶም ቢሆን ችሎት ፊት ይቅረብ ስለሚል ነው። ፍርዱ ከሌለ ደግሞ መሬቱን መውረስ አይቻልም። የተፈለገው ሰውየው አልነበረም፤ ሰውየውማ ሞቷል። የተፈለገው መሬቱ ነው።

ጂን ያኔ 17 ዓመቷ ገደማ ነው። ይሄንን ዕድሜ ስታስቡት ቆይታችሁ የምታደርገው ነገር ሁሉ ይገባችኋል፣ ቢያንስ እኔ የገባኝ እንዲያ ነው።

ሁለት ዓመት አለፈ። ንግሥቲቱ ጠላት በዛባትና ጎርደኖቹን ፈለገቻቸው። በ1565 ወንድሟ ጆርጅ ከእስር ወጣ፣ የአባቱ ማዕረግ ተመለሰለት። ጂንና እናቷ ቤተ መንግሥት ገቡ። አስቡት፤ አባትሽን ከነሬሳ ሳጥኑ ያስፈረደች፣ ወንድምሽን ያስገደለች ሴት ቤት ውስጥ ትስቂያለሽ፣ ትጨፍሪያለሽ፣ "ግርማዊት" ትያለሽ። ያም ሆኖ ጂን የምትወደው ሰው አግኝታ ነበር ይባላል፤ አሌክሳንደር ኦግልቪ የሚባል፣ የቦይን ጌታ። ይሄንን ስም ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ቤተሰብ ግን ሌላ አሰበ። ቦዝዌል ጠንካራ፣ ለንግሥቲቱ ታማኝና አንገቱ ድረስ ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀ ሰው ነበር። ጎርደኖቹ ወዳጅ ይፈልጋሉ፣ እሱ ብር ይፈልጋል። በፌብሩዋሪ 1566 ውል ተፈረመ። ከሙሽሪት ወገን የሚሰጠው ማጫ 12,000 መርክ ሆነ፣ በዚያ ዘመን ከባድ ገንዘብ ነው። በለውጡ ከቦዝዌል መሬት ላይ ጂን ዕድሜ ልኳን የምትጠቀምበት ድርሻ ተጻፈላት። ከውሉ ሁሉ ዓይኔ የቀረው እናትየው ላይ ነው። መጻፍ ስለማትችል አንድ ጳጳስ እጇን ይዘው ብዕሩን መርተውላታል፤ ይሄም ራሱ ውሉ ላይ ሰፍሯል። እናት እጇን ተይዛ ትፈርማለች፣ ልጅቷ አጠገቧ ሆና ታያለች። (ማየቷን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ግን የት ትሄዳለች?)

ሠርጉ ኤደንብራ ሆነ። ለሙሽራዋ ቀሚስ በብር ክር የተሠራውን ጨርቅ የሰጠችው ንግሥቲቱ ናት። ሜሪ ሥርዓቱ በካቶሊክ ቅዳሴ እንዲሆን ፈልጋ ነበር፤ ቦዝዌል ፕሮቴስታንት ስለሆነ እምቢ አለ። በዚያው ዓመት ኦግልቪም አገባ። ያገባት ሜሪ ቢተንን ነው፣ ከንግሥቲቱ ጋር በልጅነታቸው ፈረንሳይ ከሄዱት አራት ሜሪዎች አንዷን። ጂን አዲስ ሙሽራ ሆና ሳለ ጥቁር ትለብስ ነበር የሚል ወሬ አለ። ወሬ ነው። ግን ደስ የሚል ወሬ ነው።

እዚህ ላይ ወረቀቷ ትገባለች። ጂንና ቦዝዌል የሥጋ ዘመዶች ነበሩ። በካቶሊክ ሕግ እስከ አራተኛ ትውልድ ድረስ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም። ሰባት ቤት ስንቆጥር ላደግን ለኛ አራት ምንም አይደለም፤ ለነሱ ግን ባላባቱ ሁሉ እርስ በርስ የተዋለደ ስለሆነ አራቱም ያስጨንቅ ነበር። ስለዚህ ጂን ካቶሊክ በመሆኗ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር። የቅዱስ እንድርያስ ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን ከሠርጉ በፊት ፈቃዱን ሰጧት። አንድ ወረቀት። ጂን አስቀመጠቻት።

ዓመት ሳይሞላ አገሩ ተገለባበጠ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1567 የንግሥቲቱ ባል ዳርንሊ ያደረበት ቤት በባሩድ ጋየ፤ እሱም ግቢው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ጣት ሁሉ ወደ ቦዝዌል ተቀሰረ። ቦዝዌል ተከሶ ቀረበ፣ ነፃ ወጣ። በአፕሪል ፓርላማው የጂንን ወንድም መሬት ሙሉ በሙሉ አጸደቀለት። ወዲያው በዚያው ሰሞን መኳንንቱ ቦዝዌል ንግሥቲቱን እንዲያገባ እንደግፋለን ብለው ሰነድ ፈረሙ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ማን ይመስላችኋል? ወንድምየው። እህቱ የቦዝዌል ሚስት ሆና፣ ቤቱ ተቀምጣ ሳለች! አፕሪል 24 ቦዝዌል ንግሥቲቱን መንገድ ላይ አፍኖ ወደ ደንባር ወሰዳት። ወዳ ነው ወይስ ተገዳ የሚለው እስከዛሬ ያከራክራል፤ እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም።

ፍቺው የተካሄደው በሁለት ፍርድ ቤት ነው፤ ባንድ ጊዜ። በፕሮቴስታንቱ ችሎት ከሳሿ ጂን ናት። ባሌ ከቤት ሠራተኛዬ ጋር ወስልቷል አለች። ልጅቷ ቤሲ ክሮፈርድ ትባላለች፤ የአንጥረኛ ልጅ፣ ልብስ የምትሰፋ፣ ጥቁር ጸጉር ያላት። ምስክሮች ቀርበው ሃዲንግተን ገዳም ውስጥ ያዩትን ተናገሩ። ሜይ 3 ፍቺው ተፈረደ። በካቶሊኩ ችሎት ደግሞ ከሳሹ ቦዝዌል ነው። ዘመዳሞች ስለሆንን፣ ፈቃድም ስላልነበረን፣ ጋብቻው ከመጀመሪያውም ጋብቻ አልነበረም አለ። ይሄም ሜይ 7 ተፈረደለት። የችሎቱ የበላይ እነማን መሰሏችሁ? ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን። ፈቃዱን በገዛ እጃቸው የሰጡት ሰውዬ። ሜይ 15 ቦዝዌልና ንግሥቲቱ ተጋቡ።

ጂን ወረቀቷን ብታወጣ ኖሮ የካቶሊኩ ፍርድ ፉርሽ ነበር። አላወጣችም። ትንፍሽ አላለችም።

ብዙዎች በዚህ የተነሳ "ቀዝቃዛ ሴት" ይሏታል። አልስማማም። እስቲ እምቢ ብትል ብላችሁ አስቡ። ከሦስት ወር በፊት አላስፈላጊ የሆነ ባል ከነቤቱ ጋይቷል፤ አላስፈላጊ ሚስት ምን ይገጥማት ነበር? ወንድሟ ደግሞ መሬቱን ያገኘው ገና ትናንት ነው። እሷም ብትሆን ባዶ እጇን አልወጣችም፤ በጋብቻ ውሉ የተጻፈላት መሬት እንደተጻፈላት ቀረ። ፈርታ ነው? ለወንድሟ ብላ ነው? ወይስ ሒሳብ ሠርታ? ሦስቱም ይመስለኛል። በዚያ ላይ ያንን ሰው ማን ይፈልገዋል? ግን ዝም ያለች ሴት ወረቀቷን ትቀድዳለች ወይ ታቃጥላለች። ጂን ሁለቱንም አላደረገችም። ይዛት ሄደች።

አያቴ የንጉሡን ጊዜ የግብር ደረሰኞች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይዛ ነው የሞተችው። መሬቱ በደርግ ተወርሷል፣ ደረሰኙ ለምንም አይረባም። "ጣይው እንጂ" ስንላት "ይቀመጥ፣ ምን ቦታ ያዘ?" ነበር መልሷ። ጂንን ሳነብ ያ ቆርቆሮ ነው የታየኝ፣ ክዳኑ ላይ ያለው የተፋቀ የአበባ ሥዕል ሳይቀር።

የቦዝዌልን መጨረሻ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከሠርጉ ልክ በወሩ ሜሪ ተማረከች፣ እሱ በባሕር ሸሸ። ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ሲደርስ ማን ጠበቀው? ድሮ ማጫዋን በልቶ የጣላት አና ትሮንድሰን የምትባል ኖርዌያዊት። ከሰሰችው! (እዚህ ጋ ብቻዬን ሳቅኩ።) ቀጥሎ ዴንማርኮች ያዙትና በ1578 ድራግስሆልም በሚባል ምሽግ ውስጥ እስረኛ ሆኖ ሞተ። ሜሪም እንግሊዝ ውስጥ 19 ዓመት ገደማ ታስራ በ1587 አንገቷ ተቆረጠ።

ጂን ግን ገና መጀመሯ ነበር።

በዲሴምበር 1573 የሳዘርላንድን ኧርል አሌክሳንደር ጎርደንን አገባች። ቦዝዌል ያኔ እስር ቤት ውስጥ በሕይወት ነበረ። አዲሱ ባል በዕድሜ ያንሳታል፤ የመጣበት መንገድ ግን ከሷም የባሰ ነው። በ1567 ልጅ ሳለ አባቱና ነፍሰ ጡር የእንጀራ እናቱ ሄልምስዴል በሚባል ቦታ እራት ላይ ተመረዙ። መራዟ ኢዛቤል ሲንክሌር የምትባል የቤተሰቡ ሰው ናት፤ የገዛ ልጇን ወራሽ ለማድረግ። አሌክሳንደር ከአደን አምሽቶ ሲመጣ አባትየው ራሱ መመረዙ ገብቶት ስለነበር የገበታውን ጨርቅ ጎትቶ ምግቡን መሬት ላይ በተነው፤ ልጁን ከነረሃቡ አባረረው። የሴትዮዋ ልጅ ግን ውሃ ጠማኝ ብሎ ከተመረዘው ቀምሶ ሞተ። ከዚያ የኬይትነስ ኧርል፣ እሱም ሲንክሌር ነው፣ የወላጅ አልባውን ሞግዚትነት በእጁ አስገባና ልጁን በ15 ዓመቱ ለገዛ ሴት ልጁ ለባርባራ አጋባው። ባርባራ 32 ዓመቷ ነበር። ልጁ አምልጦ የጎርደኖች ቤት ገባ፣ ለአካለ መጠን ሲደርስም ተፋታ።

እንግዲህ ጂንና እሱ እንዲህ ተገናኙ። አንዱም ሳይጠየቅ የተጋባ፣ ሁለቱም በፍርድ ቤት የተፈቱ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ጂን ሦስቴ አገባች፣ እስከ መጨረሻው ግን ጂን ጎርደን ናት። በዚያ ዘመን ስኮትላንድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም ነበር። እኛ አገር ለፈረንጅ ስናስረዳ የምንደክምበትን ነገር እነሱም ነበራቸው ማለት ነው። አግብተን ውጭ አገር ቅጽ ስንሞላ "የባልሽ ስም ለምን አልሆነም?" የተባልን ሴቶች ይሄ ደስ ይለናል።

አሌክሳንደር ጤናው ደካማ ነበር፤ በ1594 ሞተ። ጂን ትዳሩም እያለ ከሞተም በኋላ ያንን ሰፊ ርስት ከደንሮቢን ቤተ መንግሥት ሆና አስተዳደረች። በ1598 ብሮራ በሚባል የባሕር ዳር ቦታ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ አስቆፈረች። ከሰሉን ለምን? አጠገቡ የባሕር ውሃ እየፈላ ጨው የሚወጣባቸው ትልልቅ ምጣዶች ስላስተከለች። ውሃው ከደጅ፣ ማገዶው ከሥር። ሥጋና ዓሣ በጨው በሚቆይበት ዘመን ጨው ማለት ገንዘብ ነው። ብሮራ ላይ ከሰል መውጣቱ ያቆመው በ1974 ነው። ሰዎች ስለ ሜሪ ጌጣጌጥ ያወራሉ፤ እኔን የሚማርከኝ ይሄ የጨው ምጣድ ነው።

ልጆቿን ደግሞ እንደ ቼዝ ነው ያንቀሳቀሰቻቸው። (ባሏ በሕይወት እያለም ቢሆን እጇ እንዳለበት አልጠራጠርም።) ሳዘርላንድ ከሁለት ወገን ጠላት ነበረው፤ ሲንክሌሮችና ማካዮች። ሁለቱ ሲተባበሩ ሳዘርላንድ ይነዳል፤ በ1570 ዶርኖክ የሚገኘውን ካቴድራል አቃጥለውታል። በ1589 የጂን ልጅ፣ እሷም ጂን የምትባል፣ የማካዮቹን አለቃ ሂዩስታንን አገባች። ሰውየው ከዚያ በፊት ያገባው የኬይትነሱን ኧርል ልጅ ነበር። አንድ ሠርግ፣ ከሁለት ጠላት አንዱ አማች ሆነ። ከዚያ ትዳር የተወለደው ዶናልድ ማካይ በ1626 ብዙ ሺህ ወታደር መለመለና የዴንማርክን ንጉሥ ሊያገለግል ዘመተ። አያቱ ያኔ በሕይወት ነበረች፤ 80 ዓመት ገደማ ሆኗታል። ዴንማርክ የሚል ስም ስትሰማ ምን ትዝ ብሏት ይሆን?

ሌላው ልጇ ሮበርት የቤተሰቡን ታሪክ የጻፈው ነው። የሄልምስዴሉን መርዝ የነገርኳችሁ በሱ አፍ ነው፤ ሲንክሌሮች ጽፈውት ቢሆን ገበታው ላይ የተቀመጠው ሌላ ነገር ይሆን ነበር። እናቱንም ያሞግሳል፤ ቁም ነገረኛ፣ ማስታወሷ የማይነቃነቅ፣ ማስተዋሏ ለሴት ከሚጠበቀው በላይ ነበር ይላል። "ለሴት" የምትለዋን ይቅር ብለነዋል፣ 17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በነገራችን ላይ የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ የተማረበት ጎርደንስተን ትምህርት ቤት የተሰየመው በዚሁ ሮበርት ርስት ነው።

አሁን ወደ ኦግልቪ።

ሜሪ ቢተን በ1590ዎቹ መጨረሻ ሞተች። በዲሴምበር 1599 የሳዘርላንድ ባለ ርስት፣ የአምስት ስድስት ልጆች እናት፣ 53 ዓመት የሆናት ጂን ጎርደን አሌክሳንደር ኦግልቪን አገባች። ከ33 ዓመት በኋላ! ይሄ ጋብቻ ለማንም መሬት አላስመለሰም፣ የማንንም ዕዳ አልከፈለም፣ ጠላት አላስታረቀም። ስንት ውል ካየሁ በኋላ እዚህ ስደርስ፣ እውነቴን ነው፣ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣራውን ሳይ ቆየሁ። ከወጣቱ ኦግልቪ ምን ቀርቶ ይሆን? ጥርስ? ጸጉር? የሚተዋወቁበት ቀልድ?

እሱንም ቀበረችው። ሦስቱንም ባሎች፣ ንግሥቲቱን፣ ወንድሞቿን፣ የበኩር ልጇን ኧርሉን ጆንን ሳይቀር ቀበረች። አገሩ ሁሉ ፕሮቴስታንት ሲሆን እሷ ካቶሊክ እንደሆነች ኖረች። ከቦዝዌል መሬት የሚመጣውን ገቢዋንም እስክትሞት በላች፤ ሰውየው ድራግስሆልም ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ እንኳን ገቢው ይመጣ ነበር። ሜይ 14 ቀን 1629 ደንሮቢን ውስጥ ሞታ ዶርኖክ ተቀበረች።

ሊቀ ጳጳስ ሃሚልተን በ1571 ተሰቅለው ሞተዋል። ከዚያ ወዲያ ፈቃዱን ሰጥተው እንደነበር ማንም ሊጠይቃቸው አልቻለም፤ ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ታሪክ ጸሐፊዎች ነበረ፣ አልነበረም እያሉ ተከራከሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ተመራማሪ ደንሮቢን ገብቶ የሳዘርላንዶችን አሮጌ ሰነዶች ሲያገላብጥ ወረቀቷ ከነርስት ደብዳቤዎቹ መሃል ወጣች። የሁለቱም ስም አለበት። ቀኑ ከሠርጉ ይቀድማል።